ፊደል ቆጠራ፣ ሲኒ ቆጠራ

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላት ሀሁን ከላይ እስከ ታች ትወርደው ነበር። በዜማ ነው። እንግዳ ሲመጣ «በይ እስቲ» እንላታለን። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብላ ትጀምራለች። እስከ «ፐ» ድረስ ፋታ የላትም። እንግዳው ያጨበጭባል፤ እኔና እናቷ ደስ ይለናል። ቁጥርም እንደዚሁ ነበር። ዋን፣ ቱ፣ ስሪ እያለች ሃምሳ ትደርሳለች። ጎበዝ ልጅ አለችን ብለን አርፈን ተቀመጥን።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ቤት ነን። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። እናቴ ልጄን ጠራቻትና «ነይ የኔ እመቤት፣ ከጓዳ አራት ሲኒ አምጪልኝ» አለቻት። ልጄ ሮጣ ሄደች። ስትመለስ እጇ የቻለውን ያህል ታቅፋ ነው። እናቴ «አራት ነው እኮ ያልኩሽ፤ እስቲ ቁጠሪያቸው» አለቻት፣ ቀስ ብላ። ልጄ ጣቷን ሲኒዎቹ ላይ እያንሸራተተች ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር፣ ፋይቭ አለች። አራት ላይ አልቆመችም። ጣቷና አፏ አብረው አይሄዱም። አንዱን ሲኒ ሁለቴ ትነካዋለች፣ ሌላውን ትዘለዋለች።

በረካው ከተጠጣ በኋላ እናቴ ከስፌቷ መሀል አንድ ስንደዶ መዘዘች። የልጄን የፊደል ገበታ ከቦርሳዋ አወጣችና በስንደዶው «ሙ» ላይ ጠቆመች። «ይቺ ማናት?» ልጄ ዝም አለች። ከዚያ በለሆሳስ ከ«ሀ» ጀመረች። ሀ ሁ ሂ፣ ለ ሉ ሊ፣ ሐ ሑ ሒ... መንገዷን ሁሉ ተጉዛ «ሙ» ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ አደረገች። መልሱ ትክክል ነው። ግን እናቴ ወደኔ ዞር ብላ «ዜማውን ነው የያዘችው። ፊደሉን ገና አላየችውም» አለችኝ።

ያቺ አባባል ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣችም።

በእኛ ቋንቋ የተማረን ሰው «ፊደል የቆጠረ» ነው የምንለው። ማንበብ የጀመረም ፊደል ቆጠረ፣ ሲኒ የቆጠረም ቆጠረ። ሁለቱም በአንድ ግስ ይጠራሉ። የልጄም ችግር ለሁለቱም አንድ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። ፊደሉም ቁጥሩም አፏ ላይ እንደ መዝሙር ተቀምጠዋል። መዝሙር ደግሞ ከመሀል አይጀመርም።

እናቴ ይህን የምታውቀው በትምህርት ብዛት አይደለም። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና ነው፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ቀን ስትሠራ ውላ ማታ ትማር ነበር። «እኛም መጀመሪያ በዜማ ነበር የምንለው» አለችኝ። «ሳስበው ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል። ደብዳቤ ሲሰጡኝ ግን ፊደሎቹ እንደ ገበታው ተሰልፈው አይጠብቁኝም።»

የኔታም ይህን ያውቁ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚባለውን የሚማረው በከንቱ አይደለም። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት ነው፣ እያንዳንዱም የሚቀጥለውን ድምፅ ይይዛል፤ ከአ ግዕዙን፣ ከበ ካዕቡን፣ ከገ ሣልሱን፣ እንዲህ እያለ እስከ ሳብዕ። ያቺ ለምዳ የነበረችው የሀሁ ዜማ እዚህ ጋ አትሠራም። ልጁ ፊደሉን በመልኩ ካላወቀው አፉ ይያዛል። እኔ አቡጊዳን ልጅ እያለሁ ሰምቼዋለሁ፤ ለምን እንደተደባለቀ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ችግሩ የኛ ቤት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የታችኛ ክፍል ተማሪዎችን የንባብ ችሎታ የፈተሸ ትልቅ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህን ሳነብ የታየችኝ ልጄ ናት፣ ስንደዶው ፊት ዝም ብላ ቆማ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓመት የሞላው ሥራ አለ። ሥራ ስል ቢበዛ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

በቁጥሩ ልጀምር፤ እሱ ቀለለኝ። ካረን ዊን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጥናት ትንንሽ ልጆችን «ሦስት ስጪኝ» እያለች ፈትናቸዋለች። እስከ አሥር አጥርተው የሚቆጥሩ ልጆች ሦስት ሲባሉ ያገኙትን አፍሰው ይሰጧታል። ልጅ ቁጥር መደርደር ከቻለ በኋላም የመጨረሻዋ ቃል የሁሉም ብዛት መሆኗን እስኪረዳ ወራት ያልፋሉ። መጀመሪያ «አንድ»ን ያውቃል። ቆይቶ «ሁለት»ን። ቆይቶ «ሦስት»ን። የልጄ ሲኒ የታቀፈ እጅ ስም እንዳለው ሳውቅ እፎይ አልኩ። ሰነፍ አልነበረችም። መንገድ ላይ ነበረች።

ስለዚህ ሲኒውን ሥራዋ አደረግነው። ቡና ሲፈላ ሲኒ የምታቀርበው እሷ ናት። መጀመሪያ ቁጥር አልነገርናትም። «ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ» ብቻ። እማማ ፊት አንድ፣ እማዬ ፊት አንድ፣ አባዬ ፊት አንድ። አንድ ሰው ባዶውን ከቀረ ራሱ ይናገራል፤ እኔ ማረም አያስፈልገኝም። ቀጥሎ «ስንት ሰው አለ?» መጣ። ከዚያ «ጓዳ ከመሄድሽ በፊት ስንት እንደምታመጪ ንገሪኝ።» ይህ የመጨረሻው ሁለት ወር ፈጀ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ዞራ አየችንና «አምስት» ብላ ሄደች፤ አምስት ይዛ ተመለሰች። በአማርኛ ነበር ያለችው። ዋን ቱ ስሪ የመዋዕለ ሕጻናቱ ዜማ ሆኖ ቀረ፤ «አምስት» ግን የሲኒ ብዛት ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጆቻችንን በእንግሊዝኛ ብቻ ማስቆጠራችን ያሳዝነኛል። አማርኛ ለቁጥር ትልቅ ውለታ አለው። አሥራ አንድ ብሎ አሥርና አንድ መሆኑን ራሱ ይነግርሃል። አሥራ ሁለትም እንደዚሁ። የእንግሊዝኛው ኢለቨን እና ትዌልቭ ግን ለአንድ ሕፃን የትም የማያደርሱ ባዶ ስሞች ናቸው። ልጄ «ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አሥር» ያለች ቀን ልቤ ሞላ። ስህተት ነው፤ ግን የሚያስብ ልጅ ስህተት ነው። ቋንቋው እንዴት እንደተሠራ ገብቷታል። አላረምኳትም፤ ሠላሳ የአንድ ብር ሳንቲሞች አወጣሁና አሥር አሥር አድርገን ደረደርን። ሦስተኛው ክምር ላይ ስንደርስ «ይሄኛው ሠላሳ ይባላል» አልኳት። ተቀበለችው።

የጉሊት መደብ ሌላው መምህራችን ነው። ድንቹ አምስት አምስት፣ ቲማቲሙ አራት አራት ሆኖ ይደረደራል። ባለ ጉሊቷ አትቆጥርም፤ ዓይኗ ያውቀዋል። ልጄም ቀስ በቀስ እንደሷ ሆነች። «ይሄ መደብ አንድ ጎድሎበታል» ያለች ቀን ሴትዮዋ ሳቀችና አንድ ድንች ጨመረችላት። ትንሽ ብዛትን ሳይቆጥሩ በዓይን ማንሳት ለመደመር መሠረት ነው። ሦስትና ሁለት ሲባል ልጁ ሁሉንም ከአንድ ጀምሮ መቁጠር የለበትም፤ ሦስቱን እንደ አንድ ነገር ያየዋል። በእጅ ጣትም እንዲሁ ነው። አምስትና አምስት አሥር፣ ሰባት ለአሥር ሦስት ይጎድለዋል። ይህን በታክሲ ወረፋ ላይ ቆመን እንጫወተዋለን። ስድስት ጣት አሳያታለሁ፣ እሷ የታጠፉትን ትነግረኛለች።

ፊደሉ ግን ከባድ ነበር። 33 ቤት፣ ሰባት ሰባት ድምፅ፤ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ጫካ ነው። ጫካ ውስጥ መንገድ ካላሳየናት ዜማው ላይ ብትንጠላጠል አይፈረድባትም።

ገበታውን ግድግዳው ላይ ተውኩትና ከቃል ጀመርኩ። መጀመሪያ የራሷን ስም። ቀጥሎ የወጥ ቤት ዕቃዎቹን። ጨው፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ስኳር፣ በርበሬ። በትልቁ ጻፍኩና እያንዳንዱ ላይ ለጠፍኩ። እናቷ ምግብ ስትሠራ «ሽሮውን አቀብዪኝ» ትላታለች። ሽታውም መልኩም ስሙም አንድ ቦታ ላይ ነው። ከሳምንት በኋላ ወረቀቶቹን ነቅዬ አደባለቅኳቸውና «ወደየቤታቸው መልሻቸው» አልኳት። ጨውና ስኳርን ብቻ ቀላቅላ አቀመሰችኝ። ሻዬ ጨው ጨው እያለ «እስቲ መጀመሪያዋን ፊደል እይልኝ» አልኳት። ዓይኗ «ጨ» ላይ ቆመ። ራሷ መልሳ አስተካከለችው።

ከዚያ መልካቸውን አጠናን። ቤታችን ውስጥ አንዳንድ ፊደሎች ቆብ ይደፋሉ። ሰ ቆብ ሲደፋ ሸ ይሆናል፣ ተ ሲደፋ ቸ፣ ነ ሲደፋ ኘ፣ ደ ሲደፋ ጀ፣ ዘ ሲደፋ ዠ። ካዕቡ በቀኝ በኩል እጅ ያወጣል፤ ሉ፣ ሱ፣ ቡ። ሣልሱ ጫማ ያደርጋል፤ ሊ፣ ሲ፣ ቢ። ኃምሱ ጫማው ላይ ቀለበት ይጨምራል፤ ሌ፣ ሴ፣ ቤ። ሩና ሪ፣ ፊም ጭምር ሕጉን አይጠብቁም። እነሱን «የማይሰሙ ልጆች» አልናቸው፤ ስለማይሰሙም ቶሎ ያዘቻቸው። አንድ ቤት በደንብ ስታውቅ ሌላው ቤት ግማሹ የታወቀ ነው። ዜማው ይህን አያሳይም። ዓይን ነው የሚያሳየው።

የሀ፣ ሐ፣ ኀ ነገር ሲመጣ ሦስቱን አንድ ላይ ላሳያት አልፈለግኩም ነበር። ግራ ትጋባለች ብዬ። እናቴ ናት ያሸነፈችኝ። «ስም አላቸው እኮ» አለች። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ልጄ ስም ያለውን ነገር ትወዳለች። አሁን መንገድ ላይ ማስታወቂያ ስታነብ «አባዬ፣ እሳቱን ሰ ነው የጻፉት» ትለኛለች፣ የምታውቀውን ሰው እንዳየች።

እውነተኛው ፈተና ግን ሳድስ ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የሚበዛው እሱ ነው፣ በሀሁ ዜማ ውስጥ ደግሞ ስድስተኛ ሆኖ መጨረሻው አካባቢ ተደብቋል። ቅርጹ ከቤት ቤት ይለያያል። ድምፁም አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። «ልብስ» የሚለውን ስታነብ ል... ብ... ስ... ብላ ሦስቱንም እኩል ትጎትታቸዋለች። ፊደሎቹ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ቃሉ ግን የለም። «ፈጠን አድርገሽ በያቸው» እላታለሁ። ልብ...ስ። ፊቷ ድንገት ይበራል። «ልብስ!» ያን ጊዜ ያነበበችው ፊደል አይደለም፤ የምታውቀውን ቃል ነው ያገኘችው። ቀድሞ ጆሮዋ ባያውቀው ኖሮ የትም አትደርስም።

ይህን በደንብ ያሳየኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ገና ገና አልደረሰም» ብዬ ጻፍኩላት። ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጋ አነበበችና ግራ ተጋብታ አየችኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። በዓሉ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፤ ጽሑፉ ላይ ግን መንትያ ናቸው። ደግማ አነበበችው። በሦስተኛው ገባትና እየሳቀች ለእናቷ ልታነብ ሮጠች። ውጭ አገር ልጅ የምታሳድግ እህቴ ሁሌ የምትጠይቀኝ «ፊደሉን በምን መተግበሪያ ላስተምረው?» ብላ ነው። መልሴ ያው ነው፤ መጀመሪያ አብዝተሽ በአማርኛ አውሪው። ተረት ንገሪው። ቃሉ ጆሮው ውስጥ ከሌለ ፊደሉ ሊጠራለት የሚችል ነገር የለም።

ማንበብ መቻልና አቀላጥፎ ማንበብም ይለያያሉ። እናቴ እንዝርት እያሾረች ተረት ታወራለች። ጣቶቿ ጥጡን ያውቁታል፤ ስለዚህ ሐሳቧ ለተረቱ ነፃ ነው። እንዝርት አሁን የጀመረች ልጅ ግን እየፈተለች ማውራት አትችልም። ላበርጅ እና ሳሙኤልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ንባብ የጻፉት ይህንኑ ነው። ልጁ እያንዳንዱን ፊደል ለመለየት አእምሮውን ከጨረሰ ለትርጉሙ የሚተርፈው የለም። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። መፍትሔው መድገም ነው። አንዱኑ አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ፣ እስኪፈስ ድረስ።

እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ። ቅልጥፍና በደቂቃ በሚነበብ ቃል ይለካል ሲባል ሰማሁና ስልኬ ላይ ሰዓት ሞላሁ። የመጀመሪያ ቀን ደስ አላት። በሦስተኛው ቀን ቃል እየዘለለች መገመት ጀመረች። በአምስተኛው ሰዓቱ ሲጮህ አለቀሰች። «እኔ ማንበብ አልችልም» አለችኝ። ይህን ያለችው በየቀኑ አዲስ ቃል የምታነብ ልጅ ናት። ለሁለት ሳምንት ደብተሩን አልነካችውም። ያን ቃል አፏ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። የሰዓቱን ነገር ዳግም አላነሳነውም።

አሁን የምናደርገው ሌላ ነው። ማታ የዕለቱን ውሎዋን እየነገረችኝ አራት አምስት መስመር እጽፋለሁ። «ዛሬ ዝናብ ዘነበ። ድመቷ ረጠበች። አልጋ ሥር ገባች።» መጀመሪያ እኔ አነባለሁ፣ እሷ በጣቷ ትከተላለች። ከዚያ አብረን። ከዚያ ብቻዋን። በማግስቱ ለእናቷ፣ በሦስተኛው ቀን ለእማማ በስልክ። በአራተኛው ቀን እንደ ወሬ ትናገረዋለች። በቃሏ ይዛው እንዳይሆን መስመሮቹን ቆርጬ አደባልቃቸዋለሁ፤ የቤታችን አቡጊዳ ይኸው ነው። ከአሥር ደቂቃ አናልፍም። «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» ስትል አቆማለሁ፣ ነገ ፈልጋው እንድትመጣ።

ከመዋዕለ ሕጻናት ሦስት ገጽ ሙሉ ግልበጣ የሚመጣበት ቀን አለ። ያን ቀን የኛን ትተን እንተኛለን።

ጨዋታውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አሜሪካ ውስጥ ሲግለር እና ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናትን ከ1 እስከ 10 በተደረደሩ ሣጥኖች ላይ አጫወቷቸው። ልጁ አንድ ወይም ሁለት ሣጥን ይራመዳል፣ የረገጠውን ቁጥር ይጠራል፤ ሌላ የለውም። አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አራት ጊዜ ብቻ። የቁጥር ግንዛቤያቸው በግልጽ ተሻሻለ። በቀለም ብቻ በተሠራው ገበታ የተጫወቱት ግን አልተለወጡም። ይህን ሳነብ ወዲያው ሰኞ ማክሰኞ ነው የታየኝ። ግቢው ላይ በጠመኔ አሥር ሣጥን ሠርቼ ቁጥሩን ጻፍኩ። የሰፈር ልጆች ሁሉ መጡ። ስድስት ላይ የቆመ ልጅ ሁለት ሲደርሰው «ስምንት» ብሎ ከመዝለሉ በፊት ይናገራል።

ገበጣም አለን። የእንቁላል ካርቶን ቆርጬ ስድስት ስድስት ጉድጓድ በሁለት ረድፍ፣ በየጉድጓዱ አራት የባቄላ ፍሬ። ሦስት ወር ያህል ፍሬ እየጣለች ትቆጥር ነበር። አሁን ፍሬውን ሳታነሳ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ታያለች። እያሸነፈችኝ ነው።

ባለፈው እሁድ እናቴ ቤት ነበርን። ልጄ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ መነጽሯንም ረስታ ነው የተቀመጠችው። ልጄ ከስፌቱ መሀል ስንደዶ መዘዘችና ያንኑ ያረጀ ገበታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችላት። «እማማ፣ ይቺ ማናት?» ጫፉ «ሙ» ላይ ነው። እናቴ ዓይኗን ጨፈን አደረገችና ከ«ሀ» ጀምራ ማዜም ጀመረች። ልጄ ስንደዶውን ገበታው ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገች።

«እማማ፣ በዜማ አይደለም። አይተሽ በይ።»